«ደረቅ» ባትሪ ደረቅ አይደለም፦ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለትራንስፖርትና ለጽዳት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች
እንዲሁም ባትሪ ለምትጭኑ፣ ለምታወርዱ፣ ለምትሸጡና ለምትገዙ ሁሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የታሸጉ ባትሪዎችን አያያዝ፣ አጓጓዝና አሰባሰብ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኢንቨርተርና ዩፒኤስ በመጠገን፣ ለሱቅ፣ ለክሊኒክና ለኮንዶሚኒየም ቤት የመጠባበቂያ ባትሪ በመትከል እተዳደራለሁ። መብራት ሲጠፋ ስልኬ ይጮኻል፤ በማግስቱ ደግሞ የሞተው ባትሪ ደጄ ድረስ ይመጣል። ዛሬ እንድጽፍላችሁ ያስገደደኝ አንድ ቃል ነው፤ «ደረቅ» የሚለው።

በእኛ ሙያ ባትሪ ሁለት ነው። ክዳኑ እየተከፈተ ውሃ የሚጨመርበት «የውሃ ባትሪ» ይባላል። ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣው፣ ክዳን የሌለው ደግሞ «ደረቅ ባትሪ»። ሻጩም ገዢውም፣ ሹፌሩም ቆራሌውም በዚህ ስም ነው የሚጠራው። እኔም ለዓመታት ጠርቼዋለሁ። ነገር ግን በዚህ «ደረቅ» በሚባለው ዕቃ ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ያው የውሃ ባትሪው አሲድ ነው። በአንዱ ዓይነት አሲዱ ከመስታወት ክር በተሠራ ስስ ምንጣፍ ተመጥጦ ይቀመጣል፤ በሌላው እንደ ጄሊ ረግቶ ይቀመጣል። ሲያነቃንቁት ስለማይንቦጫረቅ ደርቋል ብለን አመንን። ላዩ ላይም ከውጭ የማይታይ ትንሽ ቫልቭ አለው፤ ውስጡ ጋዝ ሲበዛ ይከፈትና ይተነፍሳል። ስለዚህ ሙሉ ለሙሉ የታሸገም አይደለም።

ይህ ስም ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ሁለት ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች ከቃሊቲ እንዲያመጣልኝ ላክሁት። እያንዳንዱ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ልጁ ባጃጅ ተኮናተረ። ባጃጁ ውስጥ የሌላ ሰው ቁራጭ ፌሮ ነበር። አንድ የፍጥነት መቀነሻ ሲዘሉ ፌሮው ተንከባለለና የአንዱን ባትሪ ሁለት ጫፎች፣ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን፣ በአንድ ጊዜ ነካ። ብልጭታ ተነሣ፤ ፌሮው እዚያው ጋለ፤ የወንበሩ ላስቲክ መጨስ ጀመረ። ልጁ ፌሮውን በባዶ እጁ ይዞ ወረወረው። መዳፉ ላይ የፌሮው ጥርስ ቅርጽ ወጣበት። ከዚያ ባትሪውን አንሥቶ ወደ ውጭ ሲያወርድ አመለጠውና የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ወድቆ ጥጉ ተሰነጠቀ። እሱ ግን አደራ የተሰጠው ዕቃ ነውና አዘነለት። የተሰነጠቀውን ባትሪ ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ ሱቄ መጣ።

ሱሪው ረጥቦ ሳየው ጮኽኩ፤ «አውልቅ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ደረቅ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ያን ቀን ቧንቧ ውሃ አልነበረም። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ጎረቤቶች ጀሪካናቸውን እየያዙ ሮጠው መጡ፤ አንዷ እናት ለእንጀራ ሊጥ ያስቀመጠችውን ውሃ ሳይቀር አፈሰሰችለት። ጤና ጣቢያ ያከመው ነርስ ከሁሉ የጠቀመው ያ ውሃ እንደሆነ ነገረን። ጭኑ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፣ የባጃጁ ሹፌርም አልነበረም። የሁለት ብር ናስትሮ ጫፎቹ ላይ ለጥፎ መላክ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ምን እንደያዘ በትክክለኛ ስሙ ልነግረው የሚገባኝም እኔ ነበርኩ።

12 ቮልት ሰውን አይዝም፤ ስለዚህ ብዙዎች ይንቁታል። ሰውን የሚጎዳው ግን የሚወጣው የአምፔር ብዛት ነው። በር የሚሠራልን በያጅ ብረት ከብረት የሚያጣብቀው መቶ ወይም መቶ ሃምሳ በሚሆን አምፔር ነው። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ጫፎቹ በወፍራም ብረት ቢገናኙ ለቅጽበት ከአንድ ሺህ አምፔር በላይ ሊለቅ ይችላል። በብየዳ ማሽን ላይ መነጽር የምናደርግ ሰዎች፣ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ከፒንሳና ከካቻቢቴ ጋር በአንድ ከረጢት እንወረውራለን። የጋብቻ ቀለበቱን ሳያወልቅ ባትሪ የሚፈታ ባለሙያም በሞያችን ሞልቷል፤ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ አውልቁት።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዓለም እነዚህን ባትሪዎች እንዴት እንደሚያጓጉዝ ልጥቀስ። አደገኛ ዕቃዎች በሚጓጓዙበት የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት፣ አሲድ የተሞላ የውሃ ባትሪ ቁጥር 2794 ነው፤ የታሸገውና የማይፈሰው ደግሞ ቁጥር 2800። ሁለቱም በ8ኛው ክፍል፣ ማለትም ቆዳ ከሚያቃጥሉና ብረት ከሚበሉ ዕቃዎች ተርታ ናቸው። የታሸገው ባትሪ ከጥብቁ ደንብ ነፃ ሆኖ እንደ ተራ ጭነት፣ በአውሮፕላን ጭምር፣ እንዲሄድ ይፈቀድለታል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። የመንቀጥቀጥና የግፊት ልዩነት ፈተና ያለፈ መሆን አለበት። በ55 ዲግሪ ሙቀት ቀፎው ቢሰነጠቅ እንኳ አሲዱ መፍሰስ የለበትም። ጫፎቹም እንዳይገናኙ መሸፈን አለባቸው። ይህ የመጨረሻው ቅድመ ሁኔታ በእኛ መንገድ ላይ ሲፈጸም አላየሁም። እኛ የወሰድነው «ነፃ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ነፃነቱም ለጤነኛ ባትሪ ነው። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ጥጉ የሚያለቅስ ባትሪ ያንን ፈተና ያለፈው ባትሪ አይደለም። እኛ ጋ የሚጓዘው ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው፤ አዲሱ በካርቶን ከስታይሮፎም ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል፤ አሮጌው እንደ ድንጋይ ተጭኖ ይሄዳል። ሚኒባስ ወንበር ሥር፣ ከጤፍ ከረጢት አጠገብ፣ የተገለበጠ ባትሪ በዓይኔ አይቻለሁ። ረዳቱን ስጠይቀው «ደረቅ ነው፣ ችግር የለውም» አለኝ። ያ ጤፍ የሄደው ወደ አንድ ቤት ነው።

ለምትጭኑ ወንድሞቼ፣ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሁለቱንም ጫፎች በናስትሮ እሸፍናለሁ። አሮጌ ነው፣ ሞቷል ብዬ አላልፈውም፤ ኢንቨርተር ማስነሣት ያቃተው ባትሪ እሳት ማስነሣት አያቅተውም። ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ፤ በጎኑ መተኛት የሚፈቀድለት ዓይነት ቢኖርም ተገልብጦ መጓዝ ግን ለማናቸውም አይሆንም። ከሥሩ እንጨት ወይም ካርቶን አደርጋለሁ፣ ንብርብሩ መሐል ወፍራም ካርቶን አስገባለሁ፣ እንዳይንሸራተት በማሰሪያ ጠፍሬ አስረዋለሁ። ጫፎቹን ይዤ አላነሣውም፤ ከሥሩ ነው የምይዘው፤ ከባዱን ደግሞ ለሁለት። የተሰነጠቀውን ለብቻው ወፍራም የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ክዳን አደርግበታለሁ። የብረት ሳፋ አይሆንም፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል፣ ሲበላውም ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። ፌሮ፣ ሚስማር፣ የሥራ ዕቃ፣ የሚበላ ነገር አብሮ አይጫንም። 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን ሁልጊዜ መኪናው ላይ አለ።

ያ ውሃ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ሲነካ መድኃኒቱ ውሃ ነው፤ ብዙ ውሃ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ፣ ሳያቋርጡ። የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ዓይን ከሆነ ቆቡን ከፍቶ ይዞ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መሮጥ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ የሚቀቡ አሉ፤ አይቀባ። መሬት ላይ የፈሰሰውን ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አረፋው እስኪያቆም መጠበቅ ነው፤ ለሰው ገላ ግን ሶዳም አይደለም፣ ውሃ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ አሲድ የነካው የጥጥ ልብስ ያኔውኑ ምንም አይመስልም። ታጥቦ ሲሰጣ ነው ወንፊት ሆኖ የሚገኘው። ቆዳም እንደዚያ ያታልላል፤ መጀመሪያ የሚሰማው ትንሽ ማሳከክ ነው።

ባትሪ ቻርጅ የምታደርጉም አድምጡኝ። የታሸገ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ በመጠባበቂያነት ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቆይ ከሆነ፣ 13.5 እስከ 13.8 ቮልት ይበቃዋል። ለመኪና የውሃ ባትሪ በተሠራ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ስትገርፉት ቫልቩ ይከፈታል፣ ሃይድሮጂን ይወጣል፣ ባትሪው ያብጣል። ሃይድሮጂን ከአየሩ 4 በመቶ ከሆነ እሳት ይይዛል፤ ለዚያ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። በኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ መስኮት ተዘግቶ የሚሞላ ባትሪ ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ! የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ የቻርጀሩን ኃይል ከቆጣሪው በኩል አጥፍቶ መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው፤ ያ ባትሪ ከመጠን በላይ ግሏል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች።

በአገራችን ሕግ ቆሻሻ ሁለት ዐዋጅ አለው። አንዱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ነው። ሌላው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው። አሮጌ የእርሳስ አሲድ ባትሪ፣ «ደረቅ» የምንለውም ጭምር፣ የሁለተኛው ነው። አገራችን አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነትም በአደገኛ ቆሻሻ ዝርዝሩ ውስጥ፣ ሙሉም ይሁን የተሰባበረ፣ በስሙ ጠርቶ አስፍሮታል። መንደር ውስጥ ግን ቃሉ ሕጉን አሸነፈው። «ደረቅ ባትሪ» ስለተባለ ወደ ደረቅ ቆሻሻ ገባ። ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡ የማኅበር ልጆች በማዳበሪያ ከረጢት፣ ከሽንኩርት ልጣጭና ከሕፃን ዳይፐር ጋር ሲሸከሙት አያለሁ። ጓንት የላቸውም። ሄዶ ያስተማራቸው ሰው የለም።

ከእነሱ የተረፈውን ቆራሌው ይገዛዋል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር የምፈልገው አለ። ቆራሌውን አትጠሉት። አሮጌ ባትሪ በየሜዳው ተጥሎ የማናየው እሱ በኪሎ ስለሚገዛ ነው፤ ከተማችን ካላት ሁሉ የተሳካ አሰባሰብ ያለው እሱ ጋ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከእሱ ቀጥሎ ነው። ገዢው የሚፈልገው እርሳሱን ነው። ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ አሲዱ ለእሱ ትርፍ ሸክም ነው። ስለዚህ በመጥረቢያ ይፈለጣል፣ አሲዱ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከሰል ላይ ይቀልጣሉ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለዚህ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ምድጃና የብረት ድስት ይበቃል። በእኛ አካባቢ ይህን የሚሠራ ግቢ ነበር። ከበሩ ሥር የሚወጣው ቦይ ክረምት ሲገባ ወደ አቃቂ ወንዝ ይሄዳል። የአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያበቅላል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ይገባል።

እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም፤ እሱ ውስጡ እርሳስ የለበትም። የምናገረው ስለ ከባዱ ብረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን የሚባል አይታወቅም። ሕፃናት ደግሞ ከዋጡት ውስጥ ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ወደ ደማቸው ያስገባሉ፤ የሚጎዳውም እያደገ ያለውን አእምሮ ነው። አባት ሲፈልጥ ውሎ በልብሱና በጫማው አቧራውን ይዞ ይገባል፤ ልጁ ዘሎ ያቅፈዋል። እናት ያንን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር ትዘፈዝፋለች። የቆዳ ቃጠሎ ወዲያው ስለሚታይ ሰው ይጮኽለታል፤ ይኼኛው ግን ትምህርት የማይገባው ልጅ ሆኖ ከዓመታት በኋላ ይወጣል፣ ያኔ ደግሞ ልጁን «ሰነፍ» እንለዋለን።

ከዚህ የከፋም ሆኗል። ሴኔጋል ውስጥ፣ እንደ እኛ ሰፈር በዋና ከተማው ዳርቻ ባለች ቲያሮዬ ሱር ሜር በምትባል ቦታ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት 2000 ዓ.ም. በነበሩ ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ሰዎች አሮጌ ባትሪ ሲፈልጡበት የነበረውን አፈር እያነፉ የእርሳስ ፍርፋሪ ይለቅሙ ነበር፤ አፈሩንም በከረጢት ወደ ቤታቸው ያስገቡ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያም ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ የተባለች መንደር ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ በሚያቀልጥ ፋብሪካ ተመርዛ፣ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ ወስኗል። እዚያ የደረሰው እዚህ አይደርስም የሚያሰኝ አንድም ነገር አላየሁም።

ያንን ግቢ ለማሳወቅ ሁለት መሥሪያ ቤት ሄጃለሁ። አንዱ «ቦታው ከእኛ ወሰን ውጭ ነው» አለኝ፤ ሌላው «አሲዱ የሚፈሰው እነሱ ጋ ነው» አለኝ። የምንኖረው አዲስ አበባና ሸገር ከተማ በሚገናኙበት ላይ ስለሆነ ማን የማን እንደሆነ እኛም ይጠፋናል። ግቢው በኋላ ራሱ ተዘጋ፤ ሰዎቹ ሌላ ቦታ ተከራዩ መሰለኝ። አፈሩ ግን እዚያው ነው፤ ዛሬ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አፈሩ ቢመረመር፣ እስኪመረመርም ቢታጠር ብዬ እለምናለሁ።

ፖሊስ ልካችሁ ፈላጮቹን አሳድዱ አልላችሁም። ሲሳደዱ ሌሊት ይሠራሉ፣ ከግቢ ወደ ጓዳ ይገባሉ፣ ጭሱም ከልጆች ጋር ያድራል። የምለምናችሁ አሮጌ ባትሪ ሳይፈለጥ፣ አሲዱ ውስጡ እንዳለ፣ ሙሉውን የሚገዛ ሕጋዊ ቦታ በየክፍለ ከተማው እንዲኖር ነው። ዋጋው ከፈላጩ ዋጋ ካላነሰ ቆራሌው ማንም ሳያስገድደው ወደዚያ ይሄዳል፤ ከአሥር ዓመት በላይ አውቀዋለሁ፣ የሚያዳምጠው ሚዛኑን ነው። ወለሉ አሲድ የማይበላው፣ ጣሪያ ያለው፣ ውሃ የማይቋረጥበት መጋዘን ይበቃል። ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራትም የላስቲክ ጓንትና የግማሽ ቀን ትምህርት ስጧቸው፤ ትምህርቱን እኔ በነፃ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ። አስመጪዎችም በባትሪው ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ውስጡ አሲድ አለ፤ ጫፎቹን ሸፍነህ፣ ቀጥ አድርገህ ጫን» የሚል ጽሑፍ እንዲለጥፉ ይታዘዙ። ላዩ ላይ ያለውን የውጭ ቋንቋ የሚጭነው ሰው አያነበውም። ሹፌሮችም ፈቃድ ሲያድሱ ይህ ነገር አንድ ጊዜ ቢነገራቸው ብዙ ጭን ከጠባሳ ይተርፋል።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደረቅ» ማለት ትቻለሁ። ሱቄ ግድግዳ ላይ በትልቁ «የታሸገ የአሲድ ባትሪ» ብዬ ጽፌያለሁ። ደንበኛ ደረቅ ሲለኝ አርመዋለሁ፤ አንዳንዱ ይቆጣል።

ለፈላጭ መሸጥም ትቻለሁ። በዚህ ምክንያት በአሁኑ ሰዓት ከሱቄ ጀርባ 43 አሮጌ ባትሪዎች አሉ። ሁሉም ጫፋቸው በናስትሮ ተሸፍኗል፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ሦስቱ የተሰነጠቁት በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ናቸው፤ ላያቸው ሸራ ለብሷል። ክረምቱ ሳይገባ መነሣት አለባቸው። የጭነቱን ኪራይ እኔ እከፍላለሁ። የት ላድርሳቸው? አድራሻውን ብቻ ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኢንቨርተርና የባትሪ ጥገና ባለሙያ
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ